«ሥራ አጥ» ማን ነው? የሥራ ስታቲስቲክስ ስያሜዎች በአማርኛ

1. መነሻ

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሥራ አጥነትንና በሙሉ አቅም አለመሥራትን ለመለካት በዓለም አቀፍ ደረጃ የተደነገጉት ብያኔዎች ወደ አማርኛ ሲመለሱ የሚደርስባቸውን የፍች ለውጥ መመርመር ነው። ጉዳዩ በአንድ በኩል የምጣኔ ሀብትና የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ጉዳይ ነው። ይሁን እንጂ ቆጣሪው ከተጠያቂው ደጃፍ ደርሶ የሚያነበው ዓረፍተ ነገር አማርኛ እስከሆነ ድረስ፣ ከዚያ የሚገኘው ቁጥር የተርጓሚውም ሥራ ውጤት ነው። ስለዚህ የቋንቋ ባለሙያ በዚህ ረገድ ተጠያቂነት አለበት።

ለጽሑፉ መነሻ የሆነው አንድ አጋጣሚ ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ከጥቂት ዓመታት በፊት የአንድ መጠይቅ የአማርኛ ትርጉም እንዲያርም ተጠይቆ፣ መጠይቁ ሲሞከር ከቆጣሪው ጋር አብሮ ወጥቶ ነበር። ወጣቱ ቆጣሪ ከአንዲት እናት ደጃፍ ቆሞ፣ «እማማ፣ ባለፉት ሰባት ቀናት ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ሥራ ሠርተዋል?» ሲል ጠየቀ። «ኧረ ልጄ፣ እኔ ምን ሥራ አለኝ! እቤት ነው የምውለው» አሉት። ቆጣሪው «አልሠሩም» በሚለው ላይ ምልክት አደረገ። እኒህ እናት ይህን የመለሱት የጠላ ጋን እያጠቡ ነበር። በየሳምንቱ ጠላ ጠምቀው እንደሚሸጡ፣ ገበያ ቢያገኙ ከዚያም በላይ ሊጠምቁ እንደሚፈልጉ የተረዳነው ጨዋታው ከቀጠለ በኋላ ነው። ተጠያቂዋ አልዋሹም፤ ቆጣሪውም አላጠፋም። ጥፋቱ «ሥራ» የሚለው ቃል ለሁሉም አንድ ነገር መስሎት የጻፈው ተርጓሚና ትርጉሙን አይቶ ያለፈው አራሚ፣ ማለትም የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ፣ ጥፋት ነበር።

2. ብያኔዎቹ

አገሮች በዚህ ረገድ የሚመሩባቸው ብያኔዎች የሚወጡት በዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት አማካይነት ከሚሰበሰበው የሥራ ስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ጉባኤ ነው። ጉባኤው እ.ኤ.አ. በ1982 ባደረገው 13ኛ ስብሰባ ለሥራ አጥነት ሦስት መስፈርቶችን ደንግጓል። ሥራ አጥ ተብሎ የሚቆጠር ሰው፣ አንደኛ በተወሰነው አጭር ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ በአንድ ሳምንት ውስጥ፣ ሥራ ያልነበረው፤ ሁለተኛ ሥራ ቢገኝ ለመጀመር ዝግጁ የሆነ፤ ሦስተኛ ሥራ ለማግኘት በቅርብ ጊዜ ውስጥ ተጨባጭ እርምጃ የወሰደ መሆን አለበት። ሦስቱም በአንድነት መሟላት አለባቸው። በአንጻሩ በዚያው ሳምንት ለአንድ ሰዓት ያህል እንኳ ለክፍያ ወይም ለትርፍ የሠራ ሰው ሥራ እንዳለው ይቆጠራል።

ይኸው ውሳኔ ለታዳጊ አገሮች ትልቅ ትርጉም ያለው አንቀጽ አስገብቷል። የሥራ ገበያው ባልተደራጀበት፣ የተለመዱት የሥራ መፈለጊያ መንገዶች እምብዛም በማይጠቅሙበት፣ ወይም አብዛኛው ሠራተኛ የራሱን ሥራ በሚሠራበት አገር፣ ሦስተኛው የመፈለግ መስፈርት ሊላላ ይችላል ይላል። የማስታወቂያ ሰሌዳ በሌለበት ወረዳ «ሰሌዳ አይተሃል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውምና። ኢትዮጵያም በብሔራዊ የሠራተኛ ኃይል ጥናቶቿ በዚህ ላላ ባለ ብያኔ ስትጠቀም ቆይታለች። በ2005 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት የአገሪቱ የሥራ አጥነት ምጣኔ 4.5 በመቶ፣ የከተማው 16.5 በመቶ፣ የገጠሩ ደግሞ 2.0 በመቶ መሆኑ ተመዝግቧል።

እ.ኤ.አ. በ2013 የተደረገው 19ኛው ጉባኤ የቀደመውን አሠራር በሁለት ነገሮች ለወጠው። በመጀመሪያ፣ «ሥራ» ለሌላውም ሆነ ለራስ ጥቅም ዕቃ ለማምረት ወይም አገልግሎት ለመስጠት የሚደረግ ማናቸውም ተግባር ነው ብሎ በስፋት ከበየነ በኋላ፣ ለክፍያ ወይም ለትርፍ የሚሠራውን ከአምስቱ የሥራ ዓይነቶች አንዱ ብቻ አደረገው። ሁለተኛ፣ የሥራ አጥነት ምጣኔ ብቻውን በቂ እንዳልሆነ ተቀብሎ በአራት መለኪያዎች ደገፈው። የመጀመሪያው የታወቀው የሥራ አጥነት ምጣኔ ነው። ሁለተኛው በዚያ ላይ የሥራ ሰዓታቸው አንሷቸው ተጨማሪ ሰዓት ለመሥራት የሚፈልጉትንና ዝግጁ የሆኑትን ይጨምራል። ሦስተኛው ሥራ አጦችን ከሁለት ወገኖች፣ ይኸውም እየፈለጉ ለጊዜው ለመጀመር ከማይችሉና ለመጀመር እየቻሉ ከማይፈልጉ ሰዎች ጋር ይደምራል። አራተኛው ሁሉንም ያጠቃልላል። ለአማርኛ ተርጓሚ ችግር የሆኑበት እነዚሁ ሁለት ለውጦች ናቸው።

3. «ማጣት»ና «መፍታት»

በአማርኛ ሥራ የሌለው ሰው በብዛት የሚጠራው «ሥራ አጥ» ወይም «ሥራ ፈት» በሚሉት ጥምር ቃላት ነው። በዕለት ተዕለት ንግግር አንዱ በሌላው ቦታ ሲገባ ቢሰማም፣ የግሦቹ ጠባይ ይለያያል። «ፈታ» ድርጊቱን በባለቤቱ ላይ ያኖራል፤ ሰው በቅሎውን እንደሚፈታ፣ ትዳሩን እንደሚፈታ ሁሉ ሥራውንም የፈታው ራሱ ነው። «ሥራ ፈት» ከሚለው ቃል ወቀሳ የማይነጠለው ስለዚህ ነው። ወቀሳው ሲጠነክር «ቦዘኔ» ይሆናል፤ ይህም ቃል በ1996 ዓ.ም. በወጣው በአዋጅ ቁጥር 384 «አደገኛ ቦዘኔነት» ተብሎ የሕግ ስያሜ እስከ መሆን ደርሷል። «አጣ» ግን ባለቤቱን የጉዳት ተቀባይ ያደርገዋል። ለመንግሥት ጥናት «ሥራ ፈት» ተትቶ «ሥራ አጥ» መመረጡ በዚህ ምክንያት ተገቢ ነው።

«አጣ» ራሱ ሁለት ፍች አለው። «ሥራውን አጣ» ሲባል የነበረው ቀረበት ማለት ነው፤ «ሥራ አጣ» ሲባል ግን ፈልጎ አላገኘም ማለት ነው። ሁለቱን የሚለየው በስሙ ላይ የተጨመረው እርግጠኛ አመልካችና የተሳቢ ምልክት ነው። በጥምር ቃሉ ውስጥ ምልክቱ ስለማይገባ፣ ከፋብሪካ የተቀነሰውና ከትምህርት ቤት ወጥቶ የመጀመሪያ ሥራውን የሚፈልገው ወጣት ሁለቱም በአንድ ስም «ሥራ አጥ» ይባላሉ። ይህ ከዓለም አቀፉ ብያኔ ጋር የሚስማማ ስለሆነ ችግር አይፈጥርም። ዋናው ነገር በሁለተኛው ፍች ውስጥ መፈለግ መኖሩ ነው። «በሬዬን አጣሁት» ያለ ገበሬ፣ ሲፈልግ መዋሉን ባይናገርም ይታወቅለታል። ስለዚህ «ሥራ አጥ» የሚለው ስያሜ ሦስተኛውን መስፈርት በውስጡ የያዘ፣ ለጥብቁ ብያኔ የተመቸ ቃል ነው።

ችግሩ የሚመጣው ስያሜው ላላ ላለው ብያኔ ሲሰጥ ነው። የመፈለግ መስፈርት ሲቀር፣ ምንም ሳይፈልግ የዋለ ነገር ግን «ቢገኝ እሠራለሁ» ያለ ሰው ከሥራ አጥ ይቆጠራል። የጋዜጣ አንባቢ 16.5 በመቶ የከተማ ሥራ አጥ አለ የሚል ዜና ሲያነብ፣ በአእምሮው የሚታየው ማስታወቂያ ሲያነብና ደጅ ሲጠና የሚውል ሰው ነው። ቁጥሩ ግን ከዚያ የሰፋ ክበብ ነው። ብያኔው ከተለወጠና ስያሜው ካልተለወጠ አንባቢው ሳያውቅ ይሳሳታል፤ በጥብቁ ብያኔ ከተለካ ሌላ አገር ቁጥር ጋር ሲያነጻጽር ደግሞ ስሕተቱ እጥፍ ይሆናል።

እዚህ ላይ ተቃራኒ የሚመስል ማስረጃ ሊቀርብ ይችላል። «ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል» ይባላል። መነኩሴው ሥራ ሲፈልግ አልዋለም፤ ያጣው የሚያደርገውን ነገር ነው። እንዲያውም ተረቱን «ሥራ የፈታ መነኩሴ» ብለው የሚናገሩ አሉ። ይህ የሚያሳየው በሕዝብ አነጋገር የ«አጣ» ፍች አንዳንድ ጊዜ ወደ ተራ አለመኖር እንደሚያዘነብል ነው። ማስረጃው ትክክል ነው፤ ነገር ግን የሚያስከትለው መደምደሚያ የሙያ ቃል በልማድ ብቻ ሊታመን እንደማይገባና ወሰኑ በብያኔ መታሰር እንዳለበት ነው። በነገራችን ላይ መነኩሴው ለ2013ቱ ውሳኔም ፈታኝ ነው። የራሱን ቆብ በመስፋቱ ለራሱ ጥቅም ሥራ ሠርቷል ሊባል ነው፤ ተረቱ ግን ሥራ ብሎ አልቆጠረለትም።

4. ሰፊው «ሥራ»ና ጠባቡ «ሥራ»

የመነኩሴው ጉዳይ ወደ ዋናው ችግር ያደርሰናል። እንግሊዝኛው «ወርክ» እና «ኢምፕሎይመንት» ብሎ የሚለያቸውን ሁለት ጽንሰ ሐሳቦች አማርኛ በአንድ «ሥራ» ይጠራቸዋል። በአንድ ቤት፣ በአንድ ቀን፣ ሚስት «ሥራ በዛብኝ» ትላለች፤ ባል ደግሞ ስለ እርሷ ሲጠየቅ «ሥራ የላትም» ይላል። ሁለቱም አማርኛ አልተሳሳቱም። የመጀመሪያው «ሥራ» ሰፊው፣ ሁለተኛው ጠባቡ ነው። ተናጋሪው ከዐውዱ ተነሥቶ ይለያቸዋል፤ መጠይቅ ግን ዐውድ የለውም።

እስከ 1982ቱ ብያኔ ድረስ ይህ ድርብነት ብዙ አላስቸገረም፤ ለቤት ፍጆታ የሚያመርተው ገበሬም ሥራ ካላቸው ይቆጠር ስለነበር በገጠሩ ሰፊውና ጠባቡ ፍች ተቀራራቢ ነበሩ። የ2.0 በመቶው የገጠር ሥራ አጥነት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው፤ እርሻ ያለው ሁሉ ሥራ አለው። በ2013ቱ ውሳኔ ግን ምርቱን በአብዛኛው ለራሱ ቤተሰብ ፍጆታ የሚያመርት ገበሬ «ሥራ» ይሠራል፣ ነገር ግን ለክፍያ ወይም ለትርፍ ከሚሠሩት መካከል አይቆጠርም። ይህን በአንድ ቃል የሚተረጉም ሰው «ገበሬው ሥራ ይሠራል፤ ሥራ ግን የለውም» የሚል ዓረፍተ ነገር ይጽፋል። አንባቢ ይህን ሲያይ የማተሚያ ቤት ስሕተት ይመስለዋል።

ለአማርኛ ሰሚ ነገሩን የበለጠ የሚያከብደው የቃሉ ታሪክ ነው። «ግብርና»ም ሆነ «ገበሬ» የተገኙት በግእዝ «አደረገ፣ ሠራ» ማለት ከሆነው ከ«ገብረ» ነው። ቋንቋው የሠራተኞችን ስም ሲያወጣ ከሥራ ግሥ የተገኘውን ስም ለይቶ የሰጠው ለዚሁ ሰው ነው። ውሳኔው የገበሬውን ሥራ አልካደም፤ እንዲያውም ቀድሞ ከሥራ የማይገባውን የቤት ውስጥ አገልግሎት ጭምር ሥራ ብሎ ሰይሞታል። በአማርኛ ግን ስያሜው ካልተለየ ክብር የሰጠው ውሳኔ የነፈገ ይመስላል።

ለጠባቡ ጽንሰ ሐሳብ ሦስት አቻዎች ሊታሰቡ ይችላሉ። የመጀመሪያው «ቅጥር» ነው። ይህ ቀጣሪና ተቀጣሪን ስለሚጠይቅ ጉልት ሻጯን፣ ሊስትሮውን፣ ባለሱቁን ያስወጣል፤ አይበቃም። ሁለተኛው «ስምሪት» ነው። «የውጭ አገር ሥራ ስምሪት» በሚለው የአዋጅ አጠራር የታወቀ ስለሆነ ዕድሉ ሰፊ ነው። ከብት ወደ መስክ ከማሰማራት የመጣ በመሆኑ ግን የሚያሰማራ አካል ያለ ያስመስላል፤ በሌላ በኩል «በግብርና የተሰማራ» ስለምንል የፍጆታ ገበሬውን መልሶ ያስገባዋል። ሦስተኛው «የገቢ ሥራ» ነው። ክፍያንም ትርፍንም ያቅፋል፤ ተቀጣሪውንም የራሱን ሥራ የሚሠራውንም ይይዛል፤ ለፍጆታ ብቻ የሚሠራውን ያለ ወቀሳ ያስወጣል። ጉድለቱ በቤተሰብ ሱቅ ያለ ደመወዝ የምታግዘውን ልጅ በሚመለከት ነው። ብያኔው ከሠራተኞች ይቆጥራታል፤ ገቢው ግን በእጇ አይገባም። ይህ በብያኔው ውስጥ «ለራስ ወይም ለቤተሰብ ገቢ» ተብሎ ሊታረም ስለሚችል፣ ከሦስቱ ይኸኛው ይሻላል።

5. «አለመጠቀም» የማን ነው?

አራቱን መለኪያዎች የሚያቅፈው አጠቃላይ ስያሜ ቃል በቃል ሲመለስ «የሰው ኃይልን በሚገባ አለመጠቀም» የሚል ይሆናል። ሰዋስዉ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ባለቤቱ ማን ነው? «አለመጠቀም» ተጠቃሚ ይሻል፤ ሰውየው ዕቃ ይሆንና መንግሥት ወይም ድርጅት ተጠቃሚ ይሆናል። የ2013ቱ ውሳኔ ራሱ ብያኔውን ሲሰጥ ግን የሥራ ፈላጊና የሥራ ዕድል አለመጣጣም በሕዝቡ ዘንድ ስለሚያስከትለው ያልተሟላ የገቢ ሥራ ፍላጎት ይናገራል። እይታው ከሰውየው ነው። ስለሆነም የብያኔውን መንፈስ ይዞ «ያልተሟላ የሥራ ፍላጎት» ማለት ስያሜውን ቃል በቃል ከመመለስ የበለጠ ታማኝ ትርጉም ነው።

ተመሳሳይ ግድፈት በሌሎችም ይታያል። በ1982ቱ አጠራር «በኢኮኖሚ ንቁ» የሚባለው ሕዝብ በአማርኛ እንግዳ ነው። «ንቁ» የነቃ፣ ያላንቀላፋ ማለት ነው፤ በአብዮቱ ዘመን ደግሞ የፖለቲካ ቀለም ተቀብቶ ነበር። ከንጋት እስከ ምሽት ውኃ ስትቀዳና እንጨት ስትለቅም የምትውለውን ሴት «ንቁ ያልሆነች» ማለት ስድብ ነው። አዲሱ ውሳኔ ይህን አጠራር ትቶ «ከሠራተኛ ኃይል ውጭ» ማለቱን እኛም ብንከተል ይበጃል።

«ተስፋ የቆረጠ ሥራ ፈላጊ» የሚለውም ይታረም። መፈለግ የተወውን ሰው ፈላጊ ማለት እርስ በርሱ ይጋጫል። ከዚህም በላይ «ተስፋ መቁረጥ» በአማርኛ የነፍስ ጉዳይ ነው፤ ቆጣሪው «ተስፋ ቆርጠዋል ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ «እግዚአብሔር ሳለ!» የሚል መልስ ቢያገኝ ሊደነቅ አይገባም። ጽንሰ ሐሳቡ የሚጠይቀው ያነሰ ነገር ነው፤ ሥራ የለም፣ ቀድሞ ሞክሬ አልሆነልኝም፣ ለሚገኘው ሥራ ብቁ አይደለሁም ብሎ ፍለጋውን መተው። «ፍለጋ የተወ» ማለት ይበቃል።

6. የጥያቄ ቃል ቁጥርን ሲለውጥ

ይህ ሁሉ የቃል ጭቅጭቅ ነው የሚል ቢኖር፣ የስታቲስቲክስ ልምድ ከዳበረባት ከተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት ሁለት ምሳሌዎች ማንሣት ይቻላል። በዚያ አገር ወርኃዊ ጥናት እስከ 1993 እ.ኤ.አ. ድረስ የመጀመሪያው ጥያቄ ባለፈው ሳምንት አብዛኛውን ጊዜ ምን ሲሠሩ እንደዋሉ የሚጠይቅ ሆኖ፣ ጠያቂው ለተጠያቂው እንደ ሁኔታው «ሲሠሩ ነው ወይስ ቤት ሲይዙ?» ወይም «ትምህርት ሲማሩ?» እያለ ይለዋውጠው ነበር። የቤት እመቤት ለመሰለችው ቤቱ፣ ወጣት ለመሰለው ትምህርቱ ይቀርብለታል። በ1994 መጠይቁ ሲታደስ ይህ የቀረበት አንዱ ምክንያት ጥያቄው መልሱን ይጠቁማል ተብሎ ነው።

ሁለተኛው የቅርብ ነው። በወረርሽኙ ወቅት፣ በሚያዝያ 2020 እ.ኤ.አ.፣ የአገሪቱ ይፋ የሥራ አጥነት ምጣኔ 14.7 በመቶ ነበር። የሠራተኛ ጉዳይ ስታቲስቲክስ ቢሮ ራሱ እንዳስታወቀው፣ ድርጅታቸው በመዘጋቱ ቤት የዋሉ ብዙ ሰዎች ለጊዜው እንደተቀነሱ መቆጠር ሲገባቸው «ሥራ ያላቸው ነገር ግን በሌላ ምክንያት የቀሩ» ተብለው ተመዝግበዋል። እነርሱ በትክክል ቢመደቡ ምጣኔው ወደ 5 መቶኛ ነጥብ ገደማ ይጨምር ነበር። ይህ ሁሉ የደረሰው በአንድ ቋንቋ ውስጥ፣ ትርጉም ሳይገባ፣ «ቀረ» እና «ተቀነሰ» በሚሉ ሁለት ሐሳቦች መካከል ነው። ትርጉም ሲጨመርበት ምን ሊሆን እንደሚችል አንባቢ ይገምት።

በአማርኛ መጠይቅ ላይም እንዲህ ያሉ ጥቃቅን ወጥመዶች አሉ። «ባለፈው ሳምንት» ሲባል አንዱ ያለፉትን ሰባት ቀናት፣ ሌላው ባለፈው እሑድ ያበቃውን ሳምንት ይረዳል። «ለአንድ ሰዓት» የሚለውም «ለአንድ ሰዓት ቀጠረኝ» እንደምንለው የቀጠሮ ሰዓት ሊሆን ይችላል፤ «የአንድ ሰዓት ያህል ጊዜ» ቢባል ግን አሻሚነቱ ይወገዳል።

7. የሚቀርቡ ሐሳቦች

ከዚህ በላይ ከተገለጸው በመነሣት የሚከተሉት ስያሜዎች ለውይይት ይቀርባሉ።

ሀ. ሥራ፦ ለራስም ሆነ ለሌላ ጥቅም ዕቃ ለማምረት ወይም አገልግሎት ለመስጠት የሚደረግ ማናቸውም ተግባር።

ለ. የገቢ ሥራ፦ ለክፍያ ወይም ለራስ ወይም ለቤተሰብ ትርፍ የሚሠራ ሥራ።

ሐ. ሥራ አጥ፦ የገቢ ሥራ የሌለው፣ ለመጀመር ዝግጁ የሆነና የፈለገ። ይህ ስያሜ ለጥብቁ ብያኔ ብቻ ይጠበቅ።

መ. ሥራ የለሽ፦ የገቢ ሥራ የሌለው፣ ለመጀመር ዝግጁ የሆነ፣ ይፈልግም አይፈልግም። «ቤት የለሽ» እንደምንለው «የለሽ» አለመኖርን ብቻ ስለሚናገር ላላ ላለው ብያኔ ተስማሚ ነው።

ሠ. በሰዓት የጎደለ ሥራ፦ ሰዓቱ ከተወሰነው ልክ ያነሰ፣ ሠራተኛውም ተጨማሪ ሰዓት የሚፈልግበትና ዝግጁ የሆነበት የገቢ ሥራ።

ረ. ፍለጋ የተወ፦ የገቢ ሥራ የሚፈቅድና ዝግጁ የሆነ፣ ነገር ግን ከሥራ ገበያው በመነጨ ምክንያት መፈለጉን ያቆመ።

ሰ. ያልተሟላ የሥራ ፍላጎት፦ አራቱን መለኪያዎች የሚያቅፍ አጠቃላይ ስያሜ።

«ሥራ የለሽ» ለጆሮ አዲስ እንደሚሆንና ጋዜጠኞች ለመቀበል እንደሚዘገዩ የታወቀ ነው። ያም ቢሆን ማናቸውም ጽሑፍ ቁጥሩን ሲጠቅስ «በጥብቁ ብያኔ» ወይም «ላላ ባለው ብያኔ» ብሎ እንዲያስከትል ቢለመድ የሐሳቡ ግማሽ ዳር ደረሰ ማለት ነው። ለተጠያቂው ግን እነዚህ ስያሜዎች አይነበቡለትም። ለእርሱ የሚያስፈልገው የተግባር ዝርዝር ነው፤ «ሥራ ሠርተዋል?» በሚለው ፋንታ «ጠላ፣ አረቄ ወይም እንጀራ ሸጠዋል? የሰው ልብስ በክፍያ አጥበዋል? ጉልት ወጥተዋል?» ብሎ መጠየቅ።

የኋላ ኋላ ይህንኑ ጥያቄ ይዘን እኒያን እናት ዘንድ ተመልሰን ነበር። «እሱንማ እሠራለሁ እንጂ!» አሉ፤ «ይኸም ሥራ ተባለ?» በመጀመሪያው ቅጽ ከሠራተኛ ኃይል ውጭ የነበሩት እናት በሁለተኛው የገቢ ሥራ ያላቸው፣ ሰዓታቸው የጎደለ፣ ተጨማሪ የሚሹ ሠራተኛ ሆነው ተገኙ። በሁለቱ ቅጾች መካከል በእኒህ እናት ኑሮ ላይ የተለወጠ ነገር አልነበረም።